ማጽናኛ፣ ባለ ባትሪ፣ አንድ

አዲስ የወጣ ጨዋታ ዕለቱን ይገዛል ወይስ ዋጋው እስኪበርድ ይጠበቃል? ይህን ጥያቄ መልሺ ብትሉኝ እስከ ዛሬ አልችልም። እናንተ ልትስቁ ትችላላችሁ። እኔ ግን በዚህ ጥያቄ ሰበብ አጎቴን ገድያለሁ። ያውም በመዝገብ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ጡሩንባ አስነፍቼ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ግብዣ ላይ ዘግይቶ እንደ ደረሰ እንግዳ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ትሪው እስኪነጣ ይጠርጋል። እኔም ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር አነብ ነበር። አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ሳይ፣ ቁልፉን ሳይቆልፍ አደባባይ የወጣ ሰው ያየሁ ያህል ፊቴን አዞራለሁ። ይህን አመሌን ያዩ የኮልፌ ጎረቤቶቼ የዕድራችን ጸሐፊ አደረጉኝ። ሲመርጡኝ “ዝምተኛ ናት፣ አትከራከርም” ብለው ነበር። በእርግጥ አልተከራከርኩም። ደንብ ጻፍኩ እንጂ።

ደንቡ አጭር ነው። “የዕድሩ ዕቃ ከዕቃ ቤት የሚወጣው መርዶ ሲኖር ብቻ ነው። ሟቹ ሩቅ አገር ከሆነ ደብዳቤ ወይም መልእክተኛ መቅረብ አለበት።” ይህን የጻፍኩት ትልቁ ብረት ድስታችን አንድ ሠርግ ላይ ሄዶ ቂጡ ተቃጥሎ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሠርግ ማንኪያ እንኳ አልወጣም። ለሠርገኛ የማታዝን፣ ለሟች ብቻ የምትራራ ጸሐፊ ተባልኩ። ኮራሁ።

እንግዲህ ስለ ጨዋታው። እንደምታውቁት ለቅሶ ቤት ካርታ መጫወት የቆየ ነገር ነው። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ወንዶቹ ድንኳኑ ሥር ካርታ ሲዘረጉ ይውላሉ። አንድ ቀን ግን አንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ጠመንጃውን አንግቦ መጣና “ይኼ ቁማር ነው” ብሎ ካርታውን ሰብስቦ ሄደ። ከካርታው ጋር አስተዛዛኙም ሄደ። ሰው ንፍሮውን ዘግኖ “እግዜር ያጥናችሁ” ይላል፤ ሁለተኛውን ዝግን አፉ ውስጥ እንደያዘ በር ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ የሚቀሩት ሐዘንተኛውና ካስማዎቹ ብቻ ሆኑ።

ዕድሩ በዚህ ጉዳይ እሑድ ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ተሰማ ናቸው። ጋሽ ተሰማ ሬዲዮ ለመግዛት፣ የተሻለ እስኪመጣ ብለው አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ቴሌቪዥን መጣና መጠበቁን እንደ አዲስ ጀመሩ። በስብሰባው መካከል ነጋዴዋ ዘነበች ተነሣች። ወንድሟ አሰብ መርከብ ላይ ይሠራል፤ እሷም እሱ የሚያመጣውን ትሸጣለች። ከጉያዋ የሳሙና ያህል ነገር አወጣች። ፊቱ መስተዋት ነው፤ መስተዋቱ ውስጥ ጥቁር ሰውዬ፣ ወንዝ፣ ድንጋይና አፉን የከፈተ አዞ አሉ። ግራና ቀኝ ሁለት ቁልፍ አለው። ቁልፉ ሲነካ ሰውዬው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ ይሻገራል፤ ከተሳሳተ አዞው ይበላዋል።

“ቁማር አይደለም፤ ገንዘብ አያስይዝም” አለች ዘነበች። “ካርታ አይደለም፤ አያልቅም። ድምፁም ትንሽ ጢጥ ጢጥ ብቻ ነው፤ ለቅሶ አያውክም። ከወጣ ገና ወሩ ነው።”

“ወሩ ከሆነማ ገና ጥሬ ነው” አሉ ጋሽ ተሰማ። “አዲስ ነገር መጀመሪያ ሌላ ሰው ይግዛውና ጉዱ ይታይ። ለመሆኑ ቢቆይ አይረክስም?”

“ይረክሳል እንጂ” አለች። ዘነበች ውሸት የማይሆንላት ነጋዴ ናት፤ በዚህም ምክንያት እስከ መጨረሻው አልበለጸገችም። “ወንድሜ በሚቀጥለው ሲመጣ ከዚህ የተሻለ፣ ዋጋውም የቀለለ አመጣለሁ ብሏል።”

“ታዲያ አሁን ምን አጣደፈን?”

ዘነበች ጉባኤውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። “እንግዲህ” አለች፣ “እስከዚያ ድረስ ከመካከላችሁ የሚሞት ከሌለ ጠብቁ።”

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው ሊያስል ጀምሮ ሳሉን ዋጠው። ሁሉም ዞር ብሎ አየው።

“ይገዛ!” አለ እሱው ራሱ።

ተገዛ። እኔም መዝገቡ ላይ፣ ከብረት ድስቱ በታች ከድንኳኑ ካስማ በላይ፣ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ “ማጽናኛ፣ ባለ ባትሪ፣ አንድ።” ሰፈሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ “ማጽናኛው” ብሎ ጠራው።

ያልተፈተሸ ዕቃ አልረከብም። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከዕቃ ቤት ጠባቂው ከጋሽ ወልዴ ፊት ቆሜ ፈተሽኩ። ጡሩንባችንንም የሚነፋው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰውዬው ተበላ። መስተዋቱ ራስጌ ላይ ከተደረደሩት ሦስት ትንንሽ ሰዎች አንዱ ጠፋና ሰውዬው እንደገና ዳር ላይ ቆመ። ሦስት ነፍስ አለው ማለት ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ተሻገረ። ደግሜ፤ ተሻገረ። ጋሽ ወልዴ “እትዬ ጸሐፊ፣ ተፈትሿል እኮ” አለኝ። “ትንሽ ቆይ” አልኩት። እንደገና ሲጠራኝ ጥላው ከዕቃ ቤቱ በር ተነሥቶ ግድግዳው ሥር ደርሷል።

ልጅ ሆኜ ተጫውቼ አላውቅም። እናትና አባቴ ቀድመው ስለ ሞቱ ያሳደጉኝ ጎጃም ያሉት አጎቴ አያ አድማሱ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አንድ ቃል ብቻ ያበዙ ነበር፤ “ቆዪ።” ልጫወት ስል፣ “ቆዪ፣ አረሙ ይለቅ።” ትምህርት ቤት ልግባ ስል፣ “ቆዪ፣ አዝመራው ይግባ።” አዝመራው በየዓመቱ ይገባል፤ እኔ ግን አልገባሁም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሳልሰናበታቸው አዲስ አበባ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔም አልጻፍኩ፣ እሳቸውም አልላኩ።

ዘነበች ሁኔታዬን አይታ በማግሥቱ ቤቴ መጣች። “አንድ ሌላ አለኝ፤ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት። ውሰጂው።”

እጄ ወደ መቀነቴ ሄደ። አፌ ግን የአጎቴ ነበር። “ቆዪ” አልኳት፣ “በሚቀጥለው ይረክሳል ብለሻል አይደል? የተሻለውን እወስዳለሁ።”

“እሺ” ብላ ሄደች። ማግሥቱን ለሌላ ሸጠችው። የወንድሟ መርከብ ደግሞ ከዚያ በኋላ አሰብን ትቶ በሌላ ባሕር ቀረ። እነሆ አገር የሚያክል መዝገብ በእጄ፣ ማጽናኛው በዕቃ ቤት፣ በመካከላችን የራሴ ደንብ።

መጀመሪያ የሞቱት የጋሽ ተሰማ አማት ናቸው፤ በጣም ያረጁ ሴት ነበሩ። ሰውም በቀብር መልስ ያዝናል፣ ንፍሮ ይበላል፣ ይሄዳል ብለን ነበር። ማጽናኛው ድንኳን በገባ በሰዓቱ ወሬው ከአውቶቡስ ማዞሪያው አልፎ ዓለም ባንክ ሰፈር ደረሰ። ሟቿን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። መጀመሪያ ማልቀስ ግዴታ ነው፤ ያላለቀሰ ተራ አይዝም። ተራው እንዳያልፈው ከአጥሩ ውጭ እያለቀሰ የሚገባ ነበር። አልቃሿ ሴትዮ ከሁለት ቀን በኋላ ግጥሟን ከጢጥ ጢጡ ጋር አስማማችው። ሰውዬው አዞ አፍ ሲገባ ድንኳኑ በሙሉ “ወይኔ!” ይላል፤ ጓዳ ያሉት የሟች ልጆች ደግሞ ለእናታቸው መስሏቸው እንደገና ያነባሉ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ይነሣል። አልተነሣም። በሰባተኛው ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ወጥተው፣ “ወገኖቼ፣ ተጽናንተናል፤ በእውነት ተጽናንተናል። ሂዱልን” ብለው ለመኑ።

“እንዴት እናንተን ጥለን እንሄዳለን?” አለ ተራ የያዘ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ ጤና ጠናብን። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ የሚሞት ጠፋ። ሰፈሩ ተቁነጠነጠ። ጋሽ ወልዴ ጉንፋን ይዞት ሁለት ቀን ቢተኛ ጎረቤቱ ብርቱካን ይዞ ጎረፈ።

“እንዴት አደርክ ጋሽ ወልዴ? አሁንስ?”

“ተመስገን፣ ዛሬ ቀለል ብሎኛል።”

“አ-ሃ… ቀለለህ?” ይልና ጠያቂው ብርቱካኑን አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ጋሽ ወልዴ በኋላ “ሰው እንዲህ ይወደኛል ብዬ አላስብም ነበር፤ ግን ስድን ያዝናሉ” ብሎኛል።

በቅርብ የሚሞት ሲጠፋ፣ በሩቅ ያለው ማለቅ ጀመረ። መንዝ የሚኖር አጎት፣ ከምባታ የምትኖር አክስት፣ ወለጋ ድረስ ሄዶ የሞተ የእንጀራ አባት ወንድም። እኔ ሁሉንም እመረምራለሁ። “ደብዳቤው የታለ? መልእክተኛው ማነው? ቀብር የት ተፈጸመ?” አንዱ ሰውዬ በመስከረም ያስመዘገባትን አክስት በኅዳር ደግሞ ይዟት መጣ።

“እኚህ ሴት እኮ ሞተዋል” አልኩት መዝገቡን ገልጬ።

“አዎ፣ አሁንም ሞቱ።”

“አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሞታል?”

አሰብ አደረገና “ሦስት አይደል?” አለ። ማጽናኛውን አብዝቶ መጫወቱ ነው። አባረርኩት። ጉባኤው በጭብጨባ አመሰገነኝ። ጋሽ ተሰማ ቆመው፣ “ዕድሩ እስከ ዛሬ አንድ ሐሰተኛ መርዶ አላስተናገደም። ይህም የጸሐፊያችን ንጽሕና ነው” አሉ። ይህን ቃል እዚህ ላይ ያዙልኝ። ቤት የለኝ፣ ንብረት የለኝ፤ በኮልፌ ያለኝ እሱ ስም ብቻ ነበር።

እሱን ስም በሚቀጥለው ሐሙስ አበላሸሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎጃም ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ፖስታው ላይ “ከአድማሱ” ይላል። የአገሬ ሰው መርካቶ አይቶኝ ያለሁበትን ነግሯቸው መሆን አለበት። የስኳር መጠቅለያ የማነብ ሴት ያን ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ሳልከፍተው አስቀመጥኩ። “ይቆይ” አልኩ። ልጅነቴን ሙሉ “ቆዪ” ያለኝ ሰው ሁለት ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል? ግን ሳጥኔን በከፈትኩ ቁጥር ፖስታውን አየዋለሁ፤ ፖስታውን ባየሁ ቁጥር ደንቡ ትዝ ይለኛል፦ ደብዳቤ ወይም መልእክተኛ። ሐሙስ ጠዋት እግሬ ይዞኝ ዕቃ ቤት ሄደ። ፖስታውን እንደታሸገ ለጋሽ ወልዴ አሳየሁት።

“አጎቴ” አልኩ። ከሐፍረት የተነሣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎተትኩ።

ጋሽ ወልዴ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ውይ እትዬ ጸሐፊ! ማን ይባላሉ?”

“አያ አድማሱ” አልኩና መዝገቡ ላይ ጽፌ ፈረምኩ። “ድንኳን አያስፈልግም፤ ጡሩንባም አይነፋ። እንዲያው ማጽናኛውን ብቻ… ለሦስት ቀን…”

“ምን ማለትሽ ነው! የስንቱን ሞት ጽፈሽ ያንቺ ሲሆን በዝምታ?” ብሎ ጡሩንባውን አነሣ። ያን ጡሩንባ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኾ ሰምቼው አላውቅም።

ድንኳን አንድ ብቻ አልበቃም፤ ከጎረቤት ዕድር ተዋሱ። እዚህ ላይ ሞኝነቴን ልብ በሉልኝ። ደንብ የጻፍኩ፣ መዝገብ የያዝኩ ሴት፣ አንድ ነገር ዘንግቼ ኖሯል፤ ሐዘንተኛ አይጫወትም። የሚጫወተው አስተዛዛኝ ነው። እኔን ፍራሽ ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላዬን አዘቅዝቀው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶች ያዙኝ። ማጽናኛው ከእኔ አሥር እርምጃ ርቆ ጢጥ ጢጥ ይላል። አንዱ ወደ ግራ መዝለል ሲገባው ወደ ቀኝ ይዘላል፤ እኔ ሳላስበው “ወይኔ! ወይኔ!” እላለሁ። “አይዞሽ፣ አይዞሽ፤ ምንኛ ትወጃቸው ኖሯል!” ይሉኛል።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሴቶቹ እህል ቅመሺ ብለው ጓዳ ባስገቡኝ ሰዓት፣ ከአጥሩ ወዲያ የማላውቀው ለቅሶ ተሰማ። ያልተገራ፣ ተራ ለመያዝ ያልሆነ ለቅሶ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ጥለው ድንኳኑ መሐል ወደቁ።

“ልጄን! ሳልደርስልሽ! ይቅር በይኝ ሳልልሽ!”

ለካ ማዞሪያው ላይ ወርደው “የዕድር ጸሐፊዋ ቤት የት ነው?” ብለው ጠይቀዋል። የተጠየቀውም ሰው “ያ ድንኳን የተተከለበት” ብሏቸዋል። ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያስባል? ጋሽ ወልዴ ክንዳቸውን ደግፎ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ ንፍሮ ሰጣቸው።

“አባቴ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ። ሟች ሴት አይደሉም። የጸሐፊያችን አጎት ናቸው፤ አያ አድማሱ የሚባሉ፣ ጎጃም።”

ሽማግሌው ለቅሷቸውን ከመሐሉ ቆረጡት።

“አድማሱ? የሞተው አድማሱ ነው?”

“አዎ። ነፍስ ይማር።”

“እፎይ! ተመስገን አምላኬ!” አሉ ጉልበታቸውን መትተው። “እሱ ከሆነስ ግድ የለም!” እፎይታቸው እስኪሰክን ንፍሮውን ዘግነው ጎረሱ።

ድንኳኑ ተንጫጫ። “ምን ዓይነት ሰው ናቸው?” “በሬሳ ላይ ተመስገን?” “ሟች ምን በድለዋቸው ነው?” ማጽናኛውን የያዘው ሰው ቁልፉን መጫን ረስቶ ሰውዬው ተበላ። በዚህ ጫጫታ ነው ከጓዳ የወጣሁት።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል። ንፍሮው ጉንጫቸው ውስጥ ነበር፤ የራሱን ሞት ንፍሮ የሚያላምጥ ሰው ስታዩ ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም። እውነተኛ ለቅሶ አለቀስኩ፤ ሰፈሩ እስካሁን ያነሣዋል።

ጋሽ ተሰማ ተነሡ። “እኔ የዚህ ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ሽማግሌ፣ እርስዎ ማነዎት?”

አጎቴ እኔን አዩኝ። ነጠላዬን አዩ። ከዚያ መላውን ድንኳን አዩ። ስሜ በእሳቸው አፍ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ቢናገሩ አበቃልኝ። ንፍሯቸውን ዋጡ።

“ታላቅ ወንድሙ ነኝ” አሉ። “በላይ እባላለሁ። በድንበር ተጣልተን ዕድሜያችንን ጨረስን። ጥፋቱ የሱ ነበር። ቢሆንም ወንድሜ ነውና አስተዛዝኑኝ።”

ድንኳኑ ቀለጠ። አቀፏቸው፣ ሳሟቸው። ጋሽ ተሰማ “ሰው እንዲህ ነው፤ አፉ ሌላ ልቡ ሌላ” አሉ። እሳቸውም እስከ ማግሥቱ በክብር ተቀምጠው ስለ ራሳቸው ሞት “እግዜር ያጥናዎት” ሲባሉ፣ “አሜን፣ እናንተንም አይንካችሁ” ሲሉ ዋሉ። ሰዎች ስለ ሟች ሲጠይቋቸው “ግትር ነበር፤ ግን መልኩ ያምር ነበር” ይላሉ። ከእኔ ጋር ስንተላለፍ ብቻ ዝቅ ብለው “አንች ልጅ፣ ጨዋታው ይለቅና እንነጋገራለን” ይሉኛል። ይህን ሲሉ የሞቱት በማጽናኛው ሰበብ መሆኑን አያውቁም፤ እኔ ግን ያወቁ መስሎኝ ዓይኔን ከማጽናኛው አነሣለሁ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ተነሣ። ሰው ሁሉ ሄደ። ጋሽ ወልዴ “ድስቱን አድርሼ ለማጽናኛው እመለሳለሁ” ብሎ ወጣ። ማጽናኛው መቀመጫ ዱካ ላይ ቀረ። አጎቴና እኔ ብቻ ነበርን። ያን ሁሉ ወር የጠበቅኩት ሰዓት እነሆ፤ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል።

“እህ” አሉ አጎቴ። “ምን ገደለኝ?”

ነገርኳቸው። ለማንም ሳልናገር የቆየሁትን፣ ከዘነበች እስከ ፖስታው፣ አንድ ሳላስቀር። ዕለቱን ገዝቼው ቢሆን ባልገደልኳቸው ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጨረስኩ። እሳቸው ያሳሰባቸው ሌላ ነው።

“ደብዳቤዬንስ አነበብሽው?”

ሳጥኔን ከፍቼ ፖስታውን እንደታሸገ አወጣሁ። የታሸገበትን በጣታቸው ዳሰሱ። “አሁን አንብቢው እንግዲህ። ድምፅሽን ልስማ።”

ከፈትኩት። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው እጅ አልነበረም፤ ፊደሎቹ እንደ ሰካራም አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈዋል። “ይድረስ ለልጄ። እኔም በዘመቻው ፊደል ቆጠርሁ። ስቆጥር አንች ትዝ አልሽኝ። ቆዪ ማለቴ ጥፋት ነበር። ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ። አትሽሺ።” አራት ነጥብ በየቦታው አለ። አንድም አልጎደለም።

ማንበቤን ስጨርስ አጎቴ ዱካው ላይ ያለውን ነገር አንሥተው እያገላበጡ ነበር።

“የሞትኩለት ይህ ነው? የት ነው የሚነካው?”

አሳየኋቸው። አንዱን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሰውዬው ዘለለ፤ አዞው በላው።

“ሞተ?”

“ሞተ።”

“ይኸው ቆሟል እኮ!”

“ሦስት ነፍስ አለው፣ አያ። አንዷን ነው የጨረሰው።”

መስተዋቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ራስጌው ላይ የቀሩትን ሰዎች ቆጠሩ። አባይን ለመሻገር ያዘገዩትን ዘመን ሁሉ አሁን ያገኙት መሰለ፤ ፊታቸው የልጅ ሆነ።

“እንግዲያ ለእኔም ሁለት ቀርቶኛል” አሉ።

እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ወልዴ ሊመለስ ነው፤ ኮቴው ከአጥሩ ወዲያ ይሰማል። አጎቴ ማጽናኛውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

“ቆዪ” አሉኝ።

ቆየሁ።